«ፍሬን በጠሰ» ከማለታችን በፊት፦ በአሮጌ ስፖርት መኪና ጊቤን ስንወርድ የምንሠራቸው ስህተቶች

እኛ አገር ፍሬን እምቢ ሲል «በጠሰ» ነው የሚባለው። በገመድ ይሠራ ለነበረው የጥንቱ ፍሬን ቃሉ ልክ ነው፤ ርካሹ የቮልስዋገን ሞዴል እንኳ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የገመድ ፍሬን ነበረው። በዘይት የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ አይበጠስም። ይግላል፣ ይፈላል፣ ያፈሳል። ጅማ ውስጥ አሮጌ ፊያትና አልፋ ሮሜዮ እያደሱ የሚነዱ ወዳጆቼ ብረቱን አገላብጠው ያያሉ፤ ሙቀቱን ግን ይረሱታል። እኔም ረስቼው ነበር።

ከጅሬን አንዴ ወርዶ «ይይዛል» ማለት

ፍሬን ያሠራ ሰው እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይወጣና ወደ ከተማ ሲመለስ ሁለት ሦስቴ ይረግጣል። መኪናው ቀጥ ይላል። በማግሥቱ ሌሊት ለአዲስ አበባ ይነሣል። ቀዝቃዛ ፍሬን አንዴ ማቆሙ ግን ሲግል ምን እንደሚሆን አይናገርም።

ሒሳቡን እንየው። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲቆም ፍሬኑ 386 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይቀበላል። ያው መኪና 600 ሜትር ቁልቁል በፍሬን ብቻ ቢወርድስ? 5,900 ኪሎ ጁል ገደማ። ነፋሱና ጎማው የሚወስዱት ይቀነስና፣ ከ100 ወደ ዜሮ በተከታታይ 15 ጊዜ እንደ መቆም ነው። ከአበልቲ ወደ ጊቤ ድልድይ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው፣ ቀስ ብሎ ቢሄድም፣ ፍሬኑ የመኪና ውድድር ላይ ነው ያለው።

ጃጓር ሲ-ታይፕ እ.ኤ.አ. በ1953 ፈረንሣይ ውስጥ በለ ማን የሚካሄደውን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ሲያሸንፍ የዲስክ ፍሬን ነበረው። የዲስክ ብልጫ የሚታየው ርግጫው ሲደጋገም ነው፤ ዲስክ ገላጣ ሳህን ስለሆነ ነፋስ ያገኘዋል፣ እንደ ከበሮ የተዘጋው ታምቡር ግን ሙቀቱን ሆዱ ውስጥ ይዞ ይቆያል። ፊያት 124ም እ.ኤ.አ. በ1966 ሲወጣ አራቱም እግሩ ዲስክ ነበር። ከእሱ የተወለደችው ላዳ ግን የኋላዋ ታምቡር ሆነ። ስለዚህ «ላዳና ፊያት አንድ ናቸው» ብሎ የኋላ ዕቃ ሊያቀያይር የሚነሣ መካኒክ ካጋጠመዎ ቁልፉን ይቀበሉት።

የፔዳሉን ቋንቋ አለመለየት

«ፍሬኑ ደከመ» የምንለው ነገር ቢያንስ ሦስት ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ከውስጥ ሆኖ ከሚይዘው ሸራ ስለሚርቅ ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ደግሞ ሸራው ወይም ዲስኩን የሚይዘው ፓስቲሊያ ከልኩ በላይ ግሎ መያዝ አቅቶታል፤ ካልሆነም የእግርዎን ርግጫ የሚያግዘው ሰርቮ ሞቷል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ግን ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሠርቷል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ይጨመቃል፤ እግርዎ የሚገፋው እንፋሎቱን ነው።

እኔ ላይ የደረሰው ይሄ ሦስተኛው ነው። ድልድዩ ከታች እየታየኝ እግሬ ወለል ነካ። ቶሎ ቶሎ ደጋግሜ ስረግጥ ትንሽ መለሰልኝ፤ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮህኩ ዳር ያዝኩ። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ስሞክረው ፔዳሉ እንደ አዲስ! ክፋቱም ይሄው ነው፤ ሲቀዘቅዝ ማስረጃው ይጠፋል። ጅማ ተመልሼ መካኒክ ጋ ብወስደው «ምንም የለውም» አለኝ። ካላወጣኸው ብዬ ዘይቱን ሲያወጣው የቡና አተላ መሰለ።

ዘይት እየጨመሩ መኖር

ፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብበት ጅማ ደግሞ እርጥበት አይጠፋም። ዶት 3 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው፣ ዶት 4 በ230። ውሃው 3.7 በመቶ ሲደርስ መስፈርቱ ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። ላዩ ላይ አዲስ ዘይት ጨመሩ ማለት ጎማው ጋ ያለው አሮጌ ዘይት ተለወጠ ማለት አይደለም። በየሁለት ዓመቱ ሙሉውን አስወጥተው ይለውጡ። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም፤ ዶት 5.1 በስም ቢመሳሰልም ሌላ ነው። የሞተር ዘይትማ በፍጹም፣ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻል። ዘይቱ ቶሎ ቶሎ የሚጎድል ከሆነ የሚያፈስ ቦታ ይፈለግ። ብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ያላቸው መስመር አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቱቦ ሲቀደድ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል።

በፎሌ (ማርሽ ሳያስገቡ) መውረድ

ነዳጅ ለመቆጠብ ነው አሉ። ሞተሩ ሊይዝልዎ የሚችለውን ክብደት በሙሉ ፍሬኑ ላይ መጫን ነው። ሞተሩን ጭምር የሚያጠፉ አሉ፤ ሰርቮው የሚሠራው ሞተሩ አየር በሚስብበት ኃይል ስለሆነ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። ማርሹን የሚቀንሱት ደግሞ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። ፍሬኑን ጠንከር አድርገው ለአጭር ጊዜ ይርገጡና ይልቀቁት፤ ሳይለቁ ቀለል አድርጎ መርገጥ ሲያጋግለው ይውላል።

የውድድር ፓስቲሊያ ለመንገድ

ከውጭ የሚያስመጡ ልጆች ይወዱታል። ብዙው እስኪሞቅ አይይዝም፤ ጠዋት ጅማ ፈረንጅ አራዳ ላይ ባጃጅ ድንገት ሲገባብዎ ቀዝቃዛ ነው። ለመንገድ የመንገዱን ይግዙ።

ጎማም አይረሳ። መኪናውን በመጨረሻ የሚያቆመው ከአስፋልቱ ጋር የተያያዘው ጎማ ነው፤ ጎኑ ላይ ካሉት አራት አኃዞች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ዓመት ይነግሩዎታል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎማው ደርቆ ሊሆን ይችላል። እነዚህ መኪኖች ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ የላቸውም፤ የፊት ጎማው ከተቆለፈ መሪ አይታዘዝም፣ ስለዚህ ትንሽ ላላ ያድርጉለት። በክረምት ጎርፍ ከተሻገሩም ታምቡሩ እስኪደርቅ ፍሬኑን ቀለል አድርገው እየነኩ ይሂዱ።

የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። የጋለ ፍሬን ላይ የእጅ ፍሬን መሳብም ሸራውን ሊያጣብቀው ይችላል፤ በማርሽ ያቁሙና ድንጋይ ይደግፉለት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራው በኮምፕሬሰር አይነፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ቁልቁለቱን ሲጨርሱ ዳር ይያዙና መዳፍዎን ሳይነኩ ወደ ቸርኬዎቹ ያስጠጉ፣ የፊት ግራውን ከፊት ቀኙ፣ የኋላ ግራውን ከኋላ ቀኙ እያስተያዩ። አንዱ ከጓደኛው በጣም ከቀዘቀዘ፣ ሲወርዱ አልሠራም ማለት ነው።