አንድ ቃል ነክታችሁ ጊት «ፋይሉ በሙሉ ተቀይሯል» ሲላችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

አዳማ ውስጥ አብረው ኮድ የሚጽፉ ልጆች ማሽናቸው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ፍራንኮ አካባቢ ቤቱ ሆኖ የሚሠራው ዊንዶውስ ነው ያለው። ዩኒቨርሲቲ ያለችው ጓደኛው ኡቡንቱ (አንድ የሊኑክስ ዓይነት) ጭናለች። ሥራው የሚጫንበት ሰርቨር ደግሞ ሊኑክስ ነው። ሁለቱም በጊት፣ ማለትም የኮድ ለውጥን በሚመዘግበው ፕሮግራም፣ አንድ ሪፖ (የጋራ የኮድ ማስቀመጫ) ላይ ፑሽ ያደርጋሉ (ሥራቸውን ይልካሉ)፤ ጭቅጭቁም እዚያ ላይ ይጀምራል።

ምልክት፦ ዲፉ (ጊት የሚያሳየው የለውጥ ዝርዝር) ከላይ እስከ ታች ቀይና አረንጓዴ ነው

400 መስመር ካለው ፋይል የተነካው አንድ ቃል ነው። ጊት ግን 400 ጠፋ፣ 400 ተጨመረ ይላል። ጎን ለጎን ብታዩት ጽሑፉ ያው ነው።

መንስኤው በዓይን አይታይም። ዊንዶውስ እያንዳንዱን መስመር በሁለት ምልክት ይዘጋል፦ ሲአር (ቁጥሩ 13) እና ኤልኤፍ (ቁጥሩ 10)። ሊኑክስና የአሁኑ ማክ ኤልኤፍ ብቻ ይበቃቸዋል። ፍርድ ቤት ደጅ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ የሚመታ ሰው አይታችሁ ከሆነ፣ መስመር ሲያልቅበት ሁለት ነገር ይሆናል። ወረቀቱን የያዘው ክፍል ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ወረቀቱም አንድ መስመር ከፍ ይላል። ሲአር የመጀመሪያው ነው፣ ኤልኤፍ ሁለተኛው። ስለዚህ የአንዳችሁ ኤዲተር ፋይሉን ሲያስቀምጥ ምልክቱን ከቀየረ፣ ለጊት ሁሉም መስመር አዲስ ነው።

መጀመሪያ አረጋግጡ (ትዕዛዞቹን ሁሉ ስትጽፉ በላቲን ፊደል ነው)። «ጊት ዲፍ» ላይ «--ኢግኖር-ሲአር-አት-ኢኦኤል» ጨምሩ። ልዩነቱ ወደ አንድ መስመር ከወረደ በሽታው ይኸው ነው። «ጊት ኤልኤስ-ፋይልስ --ኢኦኤል» ደግሞ እያንዳንዱ ፋይል በጊት ውስጥና በዲስካችሁ ላይ በምን እንደሚዘጋ ያሳያል። «ሚክስድ» የተባለው ሁለቱም የተደባለቁበት ነው።

ብዙ ሰው ወዲያው የሚሮጠው «ኮር.ኦቶሲአርኤልኤፍ» ወደሚባለው፣ ጊት የመስመር መዝጊያውን በራሱ እንዲቀይር ወደሚያዘው ቅንብር ነው። እኔ በሱ ብቻ መተማመንን አልመክርም። ቅንብሩ ያለው በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ነው። አዲስ ልጅ ቡድኑን ሲቀላቀል ወይም ማሽን ፎርማት ሲደረግ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። ደንቡ ከኮዱ ጋር አብሮ መጓዝ አለበት። በሪፖው ዋና ፎልደር ውስጥ «.ጊትአትሪቢውትስ» የሚባል ፋይል ክፈቱና ይህን አስገቡ (ስትጽፉት በላቲን ፊደል ነው)፦

* ቴክስት=አውቶ
*.ኤስኤች ቴክስት ኢኦኤል=ኤልኤፍ
*.ባት ቴክስት ኢኦኤል=ሲአርኤልኤፍ
*.ፒኤንጂ ባይነሪ

የመጀመሪያው መስመር፣ ጊት ጽሑፍ መሆኑን የለየውን ሁሉ ወደ ሪፖው ሲያስገባ በኤልኤፍ እንዲያስቀምጥ ያዛል። ቀጣዮቹ ደግሞ የሊኑክስ ስክሪፕት (ኤስኤች) በኤልኤፍ፣ የዊንዶውስ ስክሪፕት (ባት) በሲአርኤልኤፍ፣ ማለትም በሁለቱም ምልክት፣ እንዲዘጋ፣ የፒኤንጂ ምስል ደግሞ እንዳይነካ ያዛሉ። ቀድሞ የገባውን ለማጥራት «ጊት አድ --ሪኖርማላይዝ .» በሉ። ይህ ትዕዛዝ ከጊት 2.16 ጀምሮ አለ። ከዚያ ለብቻው ኮሚት አድርጉት (እንደ አንድ ለውጥ ጊት ላይ መዝግቡት)። ሌላ ሥራ አትቀላቅሉበት፤ ከተቀላቀለ ማንም ሰው ያንን ዲፍ አንብቦ ስህተት ሊያገኝ አይችልም።

ሰዓቱንም ተነጋገሩበት። መጀመሪያ ሁሉም ያለውን ፑሽ ያድርግ፤ ክፍት ብራንቾች (ለየብቻ የሚሠሩ የኮዱ ቅርንጫፎች) ሜርጅ ይደረጉ (ከዋናው ጋር ይዋሃዱ)። ይህ ካልሆነ የቆየ ብራንች ያለው ሰው በየፋይሉ ኮንፍሊክት (ጊት በራሱ ሊያስታርቀው የማይችል ግጭት) ይጠብቀዋል። ሌላም ነገር አለ። ከዚህ ኮሚት በኋላ፣ የእያንዳንዱን መስመር ጸሐፊ የሚነግረው «ጊት ብሌም» መስመሩን ሁሉ ያጠራው ሰው የጻፈው አድርጎ ያሳያል። የኮሚቱን መለያ አንድ ፋይል ውስጥ ጽፋችሁ በ«ብሌም.ኢግኖርሬቭስፋይል» ብታሳውቁት፣ ከጊት 2.23 ወዲህ ያለው ያንን ኮሚት ዘሎ እውነተኛውን ጸሐፊ ያወጣል።

ምልክት፦ ስክሪፕቱ ሰርቨር ላይ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል

ፋይሉ እዚያው ተቀምጦ ይታያል፤ ፈቃዱም ትክክል ነው። ሰው ግማሽ ቀን የሚያቃጥለው እዚህ ነው። የጠፋው ስክሪፕቱ አይደለም። ስክሪፕቱን የሚያስኬደውን ፕሮግራም የሚጠራው የመጀመሪያው መስመር «ባሽ» ብሎ ሲያበቃ ጫፉ ላይ ሲአር ተለጥፏል። ሊኑክስም ስሙ በሲአር የሚያልቅ ፕሮግራም ፍለጋ ይሄዳል፤ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ደግሞ የለም። የስህተት መልእክቱን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ከባሽ ቀጥሎ «^ኤም» ወይም «\አር» ካለ አገኛችሁት።

አስቸኳይ ከሆነ «ዶስቱዩኒክስ» የሚባለው ፕሮግራም በአንዴ ያጸዳዋል። ለዘለቄታው ግን ከላይ ያለው የ«ኤስኤች» ደንብ ያስፈልጋል። ደንቡ ከገባ በኋላ ዊንዶውስ ላይ ያለውን ቅጂ አጥፉና እንደገና ቼክአውት አድርጉ (ከጊት አውጡት)፤ ዲስክ ላይ ያለው አሮጌ ፋይል በራሱ አይለወጥም። ዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ኢሜጅ በሚባል ጥቅል አድርጎ የሚያስኬድ) የምትጠቀሙም ኢሜጁን እንደገና ቢልድ አድርጉ (ሥሩት)፤ ውስጡ የተቀዳው የድሮው ነው።

ምልክት፦ «ኤልኤፍ በሲአርኤልኤፍ ይተካል» የሚል ማስጠንቀቂያ

ስህተት አይደለም። ጊት ሊያደርግ ያሰበውን እየነገራችሁ ነው። ደንቡ ከተጻፈ እለፉት።

ምልክት፦ ኖትፓድ ሁሉንም በአንድ መስመር ደርድሮታል

ማሽኑ የቆየ ነው። ኖትፓድ ኤልኤፍን መረዳት የጀመረው በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ነው። በሌላ ኤዲተር ክፈቱት።

ምልክት፦ ምስል አልከፈት አለ

አንድ ሰው «አውቶ» የሚለውን ትቶ «* ቴክስት» ብቻ ጽፎ ይሆናል። ያን ጊዜ ጊት ምስሉንም እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ ሲአሩን ይነቅለዋል። የፒኤንጂ ፋይል መነሻ 8 ባይቶች ውስጥ 13 እና 10 ሆን ተብለው የገቡት እንዲህ ያለው ጉዳት ወዲያው እንዲታወቅ ነው። ደንቡን አስተካክሉ፤ ከዚያ ዋናውን ምስል ከአንሺው ወይም ካልተበላሸ የቆየ ኮሚት አምጥታችሁ እንደገና አስገቡ። የተበላሸውን ራሱን ለመጠገን አትድከሙ፤ የትኛው ሲአር ከየት እንደተነቀለ ፋይሉ ውስጥ የሚያሳይ ነገር የለም።