መምህራንን ለአካታች ትምህርት ሲያሰለጥኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አካታች ትምህርት ማለት ልዩ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች ሁሉ በአንድ ክፍል ማስተማር ነው። የዚህን ስልጠና የወሰደ መምህር በማግስቱ የሚያስተምረው ልክ እንደ ቀድሞው ከሆነ፣ መምህሩን ከመውቀስ በፊት ስልጠናውን መፈተሽ ይገባል። ብዙ ስልጠናዎች ስለ ተማሪዎች ልዩነት ሰፊ ማብራሪያ ይሰጡና ስለ ትምህርቱ ዝግጅት ሳይነጋገሩ ያልቃሉ። መምህሩ በእጁ ያለው ግን የትምህርት ዕቅዱ ነው፤ መለወጥ የሚችለውም እሱን ነው። የሚከተሉትን ስህተቶች የጻፍነው ስልጠና ለሚያዘጋጁና ለሚሰጡ ሰዎች ነው።

ስልጠናውን በጉዳት ዓይነቶች ዝርዝር መጀመር

የመጀመሪያው ቀን የማየት፣ የመስማት፣ የአካል እንቅስቃሴ እና የሌሎችንም ጉዳቶች ትርጉም በመዘርዘር ያልቃል። እንዲህ የሰለጠነ መምህር ክፍሉ ሲገባ ተማሪዎቹን በስያሜ መመደብ ይጀምራል፤ ምርመራ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ከዚህ የሚብሰው ስያሜ የሌላቸው ተማሪዎች መዘንጋታቸው ነው። የማስተማሪያው ቋንቋ አፍ መፍቻው ያልሆነ፣ ታሞ ለወራት ቀርቶ የተመለሰ፣ ከሰሌዳ ገልብጦ ሳይጨርስ ጽሑፉ የሚጠፋበት ተማሪ በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ሰልጣኙ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስተምረውን ዕቅድ ይዞ ይምጣ። ከእያንዳንዱ ተግባር ጎን ተግባሩ ከተማሪው የሚጠይቀውን ይጻፍ፦ ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ ከሰሌዳ ማየት፣ ቶሎ ቶሎ መጻፍ፣ በሰው ፊት መናገር፣ ብዙ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ መያዝ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ «ቶሎ ቶሎ መጻፍ» አምስት ጊዜ ከተደጋገመ እንቅፋቱ ያለው እዚያ ነው። ይህን ለማየት የማንንም ተማሪ የጤና ማስረጃ መጠየቅ አያስፈልግም።

ዓላማውን ከመንገዱ ጋር ማደባለቅ

አጥብቀን የምንናገረው ስለዚህኛው ነው፤ አብዛኛው ሌላ ስህተት ከዚህ ይወለዳልና። አንድ የሳይንስ መምህር በዕቅዱ ላይ «ተማሪዎች የውሃ ዑደትን በአንድ ገጽ ጽሑፍ ያብራራሉ» ብሎ ጻፈ እንበል። ዓላማው የውሃ ዑደትን መረዳት ነው፤ «በአንድ ገጽ ጽሑፍ» የሚለው ግን መንገድ ነው። ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲታሰሩ፣ ትነትንና ዝናብን በሚገባ የተረዳ ነገር ግን መጻፍ የሚከብደው ልጅ በሳይንስ ይወድቃል። የተመዘነው ሳይንሱ አይደለም።

ሰልጣኙ ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ ብሎ ያስተካክለው፦ «ተማሪዎች የውሃ ዑደትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይገልጻሉ፤ አንዱ ወደ ሌላው ለምን እንደሚሸጋገርም ያብራራሉ።» አሁን በሮቹ ተከፈቱ። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ሥዕል ስሎ በቀስቶች ያያይዛል፣ አንዱ በቃሉ ወይም በምልክት ቋንቋ ያስረዳል። መመዘኛው ለሁሉም አንድ ነው፦ ደረጃዎቹ ተሟልተዋል? ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው? ምክንያቱ ተነግሯል?

እዚህ ላይ ሰልጣኞች ወደ ሌላው ጠርዝ እንዳይሄዱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የክፍለ ጊዜው ዓላማ ራሱ አንቀጽ መጻፍ ከሆነ ጽሑፉን በሥዕል መተካት ተማሪውን መጉዳት ነው። እዚያ የሚለወጠው ድጋፉ ነው፦ ቁልፍ ቃላት የተጻፉበት ወረቀት፣ መጀመሪያ ሐሳቡን ለጓደኛ በቃል መናገር፣ ተጨማሪ ጊዜ፣ እንደ ሁኔታው በብሬይል ወይም በኮምፒውተር መጻፍ። በስልጠናው ላይ አስር ያህል ዓላማዎችን አቅርበው ሰልጣኞች ዓላማውንና መንገዱን በሁለት ቀለም እንዲያሰምሩ ያድርጉ። በማያከራክሩት ላይ ጊዜ አያጥፉ፤ በሚያከራክሩት ላይ ይቆዩ።

ድጋፍን ከማቅለል ጋር ማምታታት

በትልልቅ ፊደል የታተመ ፈተናና ግማሹ ጥያቄ የተቀነሰለት ፈተና አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው መዳረሻውን ያመቻቻል፤ ሁለተኛው የሚጠበቀውን ትምህርት ራሱን ይለውጣል። ለአንዳንድ ተማሪ የሚጠበቀውን መለወጥ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ውሳኔው ግን ከወላጆችና ከልዩ ፍላጎት ባለሙያ ጋር ታስቦበት የሚወሰድ ነው። በርኅራኄ ብቻ እያቀለሉ ሲሄዱ ተማሪው ዓመቱን ሙሉ ቀላሉን ብቻ እየሠራ ከክፍሉ ትምህርት ይርቃል።

ለአንድ ትምህርት ሦስት ዕቅድ ማሠራት

«ለጎበዝ፣ ለመካከለኛ፣ ለደካማ» ተብሎ ሦስት ዓይነት የሥራ ወረቀት ማዘጋጀት በስልጠና አዳራሽ ያምራል። ብዙ ተማሪ ያለው መምህር ግን በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቸዋል፤ ተማሪዎቹም የትኛው ወረቀት የማን እንደሆነ ወዲያው ይገባቸዋል። አንድ ተግባር ይበቃል፤ ድጋፎቹ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡና የፈለገ ሁሉ ያንሳ፦ የተሠራ ምሳሌ፣ የቃላት ዝርዝር፣ በደረጃ የተከፋፈለ መመሪያ።

ሁለንተናዊ የመማር ንድፍ የሚባለውም ማዕቀፍ እንዲሁ ሸክም እንዳይሆን። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው ካስት የተባለ ድርጅት ያዳበረው ይህ ማዕቀፍ ሦስት መርሆዎች አሉት፦ ተማሪን ለማነሳሳት፣ ይዘቱን ለማቅረብ፣ ተማሪው ያወቀውን ለመግለጽ አማራጭ መንገዶችን ማዘጋጀት። ዝርዝር ነጥቦቹን ሁሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ ለመሙላት የሚሞክር ሰልጣኝ አንዱንም በቅጡ አይሠራም። ተማሪዎች ዘወትር የሚደናቀፉበትን አንድ ቦታ ይምረጥ፤ እዚያ ላይ አንድ አማራጭ ይጨምር።

ተማሪን በ«የመማር ዘይቤ» መከፋፈል

አንዱን ልጅ «በማየት የሚማር»፣ ሌላውን «በመስማት የሚማር» ብሎ መመደብ አሁንም በስልጠናዎች ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ የነበሩትን ጥናቶች ገምግመው፣ ትምህርትን በዘይቤ ማዛመድ ውጤት እንደሚያሻሽል በቂ ማስረጃ አላገኙም። ለሁሉም ተማሪ ሥዕልም ማብራሪያም ማቅረብ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ይቀጥል።

ዓይን ሸፍኖ ማስኬድ

ሰልጣኞችን ዓይናቸውን አስሮ በአዳራሹ ማስኬድ የሚያሳየው ድንገት ያልለመዱት ነገር የገጠመው ሰው ድንጋጤን ነው። ልምምዱ ማየት የተሳነው ተማሪ በዓመታት ያዳበረውን ችሎታ አያሳይም። ሰልጣኙ ይዞት የሚወጣው ሐዘኔታ ይሆናል፤ ሐዘኔታ ደግሞ ዕቅድ አያስተካክልም።

ለዚህ በሚጠፋው ጊዜ የሰሌዳ አነጋገርን ማለማመድ ይቻላል። መምህሩ «ይሄንን ከዚህኛው ላይ እናነሳና እዚህ ጋ ይሄን እናገኛለን» ሲል የሰሌዳው ነገር የማይታየው ተማሪ ባዶ እጁን ይቀራል። ያንኑ እንዲህ ይበለው፦ «ኤክስ ሲደመር 3 እኩል ነው 10። ከሁለቱም ጎን 3 እንቀንስ። ኤክስ እኩል ነው 7።» ማስታወሻ ሲጽፍ ቀና ያላለው ተማሪም ይከተለዋል። ይህን ሲናገር ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ ያዙር፤ ወደ ሰሌዳ የሚናገር መምህር የከንፈሩን እንቅስቃሴ ለሚከታተል ተማሪ ዝም እንዳለ ይቆጠራል። ይህንን ክፍል አካል ጉዳተኛ የሆነ አሰልጣኝ ቢመራው፣ ተገቢው ክፍያም ቢሰጠው እጅግ የተሻለ ነው።

ስልጠናውን ራሱን አካታች አለማድረግ

በደቃቃ ፊደል በታጨቀ ስላይድ፣ ለሦስት ሰዓት ያለ ዕረፍት ስለ አካታችነት ማስተማር ንግግሩን ያፈርሰዋል። ጽሑፉን ቀድመው ይላኩ፤ በትልቅ ኅትመት ለሚያነቡ ቢያንስ ባለ 18 ነጥብ ፊደል ይጠቀሙ። ከአዳራሹ የተነሳ ጥያቄን በማይክሮፎን ደግመው ይናገሩ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ካለ ለረጅም ስልጠና ሁለት ሆነው ይፈራረቁ፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲደክም ትርጉሙ ይጎድላል።

ጥያቄ ጠይቀውም ይጠብቁ። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ ተመራማሪ መምህራን ከጥያቄ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያራዝሙት ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና ተሳታፊው እንደሚበዛ አሳይተዋል። ሰልጣኞች በልባቸው እየቆጠሩ ይለማመዱት፤ ሦስት ሰከንድ ሲጠብቁት ረጅም ነው።

በምስክር ወረቀት መቋጨት

ማብራሪያውን ባጭሩ ጨርሰው አብዛኛውን ጊዜ ለልምምድ ይተዉ፦ አንድ ሰልጣኝ ለአስር ደቂቃ ያስተምር፣ አስተያየት ይቀበል፣ ያንኑ ክፍል አሻሽሎ ይድገመው። ብዙዎች የሚዘሉት ድጋሚውን ነው፤ ለውጡ የሚታየው ግን እዚያ ላይ ነው።

ከስልጠናው በኋላ ባልደረባ ክፍል ገብቶ ይይ። የሚያየው መምህሩን ሳይሆን ተማሪዎችን ይሁን፦ ትእዛዝ ከተሰጠ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሥራ ያልጀመረው ማነው? እስካሁን ያልተናገረውስ? መልሱ ቀጣዩ ዕቅድ የሚሻሻልበትን ቦታ ይጠቁማል።

ስልጠናው ፍሬ ማፍራቱን «እንዴት አገኛችሁት?» በሚል ቅጽ አይለኩ። ሰልጣኙ በመጀመሪያው ቀን ይዞት የመጣውን ዕቅድ ቅጂ ያስቀምጡ፤ ከሁለት ወር በኋላ የሚያስተምርበትን ዕቅድ ጠይቀው ጎን ለጎን ያንብቧቸው።