ሪሞቱ አፕዴት ተደርጎ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ ኤጅቲኤክስ የሚባለው ፈርምዌር (ሪሞቱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ለተጫነባቸው የሞዴል አውሮፕላን ሪሞቶች ነው። ቲኤክስ16ኤስ፣ ቦክሰር፣ ዞሮ፣ ፖኬትና መሰሎቻቸውን ማለቴ ነው። ኤጅቲኤክስ በ2021 ከኦፕንቲኤክስ፣ ከቀድሞው ፈርምዌር፣ ተገንጥሎ የወጣ ስለሆነ፣ አሮጌ ታራኒስ ሪሞት የያዛችሁም ብዙው ነገር ይሠራላችኋል። ባትሪ መሙላትና ፕሮፔለር መፍታት አያቅታችሁም ብዬ እነዚያን እዘላለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ከአፕዴት በኋላ “ተበላሸ” ተብሎ እጄ ላይ የሚመጣ ሪሞት፣ አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ግማሹ ታድሶ ግማሹ አሮጌ ሆኖ የቀረ ነው።

ኮምፒውተሩ ሪሞቱን አያየውም

መጀመሪያ ገመዱን ጠርጥሩ። ከፓወር ባንክና ከጆሮ ማዳመጫ ጋር የሚመጡት ቀጫጭን ገመዶች ብዙዎቹ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርጉት፤ ዳታ የሚያሳልፍ ሽቦ ውስጣቸው የለም። እንዲህ ዓይነቱን ገመድ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ራሱ ጣጣ ነው፤ ጣሉት። ቲኤክስ16ኤስ ላይ ደግሞ ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ አለ። የላይኛው ለዳታ ነው፤ የታችኛው ለቻርጅ ብቻ ነው።

በዲኤፍዩ (ኮምፒውተሩ በዩኤስቢ በቀጥታ ቺፑ ላይ ፈርምዌር በሚጭንበት መንገድ) የምትሠሩ ከሆነ ሪሞቱ ጠፍቶ ነው የሚሰካው። ስክሪኑ ምንም ባያሳይ አትደንግጡ፣ መሆን ያለበት እንደዚያ ነው። ዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ “ኤስቲኤም32 ቡትሎደር” የሚል ከመጣ መንገዱ ክፍት ነው። “ኤስቲኤም ዲቫይስ ኢን ዲኤፍዩ ሞድ” ካለ ግን ሌላ ድራይቨር ይዞታል። ኢምፐልስአርሲ ድራይቨር ፊክሰር የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱት፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ያስተካክለዋል። ካልሆነ ዛዲግ በሚባለው ድራይቨር መጫኛ ዊንዩኤስቢ የሚለውን ድራይቨር ጫኑ። ዛዲግ ላይ ስም ሳታነቡ አትጫኑ! ዝርዝሩ ውስጥ የኮምፒውተራችሁ ማውስና ኪቦርድም አለ፤ የእነሱን ድራይቨር ብትቀይሩ ሌላ ሥራ ታመጣላችሁ።

ኤጅቲኤክስ ባዲን (በብራውዘር ፈርምዌር የሚጫንበትን ገጽ) የምትጠቀሙ በክሮም ወይም በኤጅ ክፈቱት። ፋየርፎክስ ላይ ሪሞቱን አያገኘውም።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ

የሌላ ሪሞት ፈርምዌር ተጭኖበታል፣ ወይም ጭነቱ መሃል ላይ ተቋርጧል። ቲኤክስ12 እና ቲኤክስ12 ማርክ ሁለት ስማቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ሰው ያምታታቸዋል፤ ፋይላቸው የተለያየ ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ደግነቱ ዲኤፍዩ የሚኖረው ራሱ ቺፑ ውስጥ ነው። ፋብሪካ ስለተቀመጠ ፈርምዌር ሲጫን አይነካም። ስለዚህ ሪሞቱ ሞተ ብላችሁ ሳትከፍቱት እንደገና በዲኤፍዩ ስኩት፣ ትክክለኛውን ፋይል ጫኑ፣ ይነሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ዴስክቶፕ ላይ ይህን ሥራ አትጀምሩ። ባትሪው የሚይዝ ላፕቶፕ ይሁን፤ ፋይሎቹም ቀድመው ወርደው ይጠብቁ።

ሪሞቱ ይነሳል፣ ግን ልክ አይደለም

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ሲበራ ስለ ኤስዲ ካርዱ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ድምፁ ይጠፋል፤ “ባትሪ ዝቅተኛ ነው” የምትለው ሴትዮ ዝም ትላለች። የኤክስፕረስኤልአርኤስ (ሪሞቱን ከአውሮፕላኑ ጋር የሚያገናኘው የሬዲዮ ሥርዓት) ሉዋ ስክሪፕት፣ ማለትም ሴቲንጉ የሚስተካከልበት ትንሽ ፕሮግራም፣ ሲከፈት “ሎዲንግ” ብሎ ይቀራል ወይም የስህተት ጽሑፍ ያወጣል። ሰው ይህን ሲያይ ፈርምዌሩን ይወቅሳል፤ ደግሞ ይጭነዋል፣ አሁንም ደግሞ ይጭነዋል። ፈርምዌሩ ምንም አልሆነም። ሚሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ነገር አሮጌ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፈርምዌሩ የሚቀመጠው ቺፑ ላይ ነው። ድምፆቹ፣ ስክሪፕቶቹና ምስሎቹ፣ ሞዴሎቻችሁም (የእያንዳንዱ አውሮፕላን ሴቲንግ) ጭምር፣ ያሉት ግን ካርዱ ላይ ነው። ሁለቱ አብረው የወጡ ስሪቶች መሆን አለባቸው። ካርዱ ላይ ስሪቱን የያዘች ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለች፤ ሪሞቱ ሲነሳ እሷን ያነባል። ካልተስማማች ያስጠነቅቃል።

አንድ ወጣት ማስጠንቀቂያው ስላሰለቸው ያችን ፋይል በኖትፓድ ከፍቶ ቁጥሩን ቀየረው። ማስጠንቀቂያው ጠፋ። እሱም ተስተካከለ ብሎ ሜዳ ሄደ። እዚያ ሆኖ የኤክስፕረስኤልአርኤስን ኃይል ሊቀንስ ሲል ስክሪፕቱ “ሎዲንግ” ላይ ቆመ፤ አልተንቀሳቀሰም። ሪሞቱን ሲያመጣልኝ “ሞጁሉ ተቃጥሏል፣ የት ነው የሚሸጠው?” ነበር ያለኝ፤ ሞጁል የሚባለው ሞገዱን የሚልከው የሪሞቱ ክፍል ነው። ካርዱን አውጥቼ ስከፍተው ስክሪፕቶቹ በሙሉ የአሮጌው ናቸው። ማስጠንቀቂያውን ዝም ማሰኘት ጥገና አይደለም። ይህን መንገድ እየተቀባበሉ የሚያስተምሩ ሰዎች ብዙ ገንዘብ ሊያስወጡ ነው።

መፍትሄው ረጅም አይደለም፤ ግን በየደረጃው ሰው የሚስትበት ቦታ አለ።

ካርዱን ከሪሞቱ አውጥታችሁ በካርድ አንባቢ ክፈቱት። ከምንም በፊት ካርዱን እንዳለ፣ በተለይ “ሞዴልስ” እና “ሬዲዮ” የሚሉትን ፎልደሮች ኮምፒውተራችሁ ላይ ገልብጡ። የአውሮፕላኖቻችሁ ሴቲንግ በሙሉ እነዚህ ሁለቱ ውስጥ ነው። ከአሮጌ ስሪት ወደ አዲሱ የምትሻገሩ ከሆነ ደግሞ ሞዴሎቹ ወደ አዲስ የፋይል ዓይነት ይቀየራሉ፤ አንዴ ከተቀየሩ አሮጌው ፈርምዌር አያነባቸውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ የካርዱን ጥቅል አውርዱ። ጥቅሉ የሚመረጠው በሪሞቱ ስም ሳይሆን በስክሪኑ መጠን ነው። ለቲኤክስ16ኤስ ባለቀለሙ 480 በ272፣ ለቦክሰር፣ ለዞሮና ለፖኬት ጥቁርና ነጩ 128 በ64፣ ለታራኒስ ኤክስ9ዲ 212 በ64። የስሪት ቁጥሩ ከጫናችሁት ፈርምዌር ጋር አንድ ይሁን።

ዚፑን ስትፈቱ ልብ በሉ። ኮምፒውተሩ በስክሪኑ መጠን ስም አንድ ፎልደር ይሠራና ሁሉንም እሱ ውስጥ ይከተዋል። ብዙ ሰው ያንን ፎልደር እንዳለ ካርዱ ላይ ይጥለዋል። እንዲህ የሆነ ካርድ ስከፍት ሁልጊዜ አንድ ነው የማየው፤ አሮጌዎቹ ፎልደሮች ተደርድረው፣ አዲሱ ሁሉ ጥግ ላይ አንድ ፎልደር ውስጥ ታጭቆ። ሪሞቱ እዚያ ውስጥ ገብቶ አይፈልግም። ፎልደሩን ክፈቱ፣ ውስጡ ያለውን በሙሉ ምረጡ፣ እሱን በቀጥታ ካርዱ ላይ፣ ከማንኛውም ፎልደር ውጭ ገልብጡ።

ማክ የምትጠቀሙ እዚህ ጋ ቁሙ። ዊንዶውስ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ፎልደሮች ያዋህዳል። ማክ ላይ “ሪፕሌስ” ካላችሁ ግን አሮጌውን ፎልደር ከነውስጡ አጥፍቶ አዲሱን ይተካል። አንድ ወዳጄ፣ ለዓመታት ያስተካከላቸውን የግላይደሮቹን ሴቲንግ በዚህች አንዲት ቁልፍ አጣ። የእያንዳንዱን ክንፍ የፍላፕ መጠን፣ የሰርቮ ገደብ፣ ሚክስ፣ ሁሉንም ከዜሮ ጀመረ። ባክአፕ ያልኩት ለዚህ ነው።

ድምፆቹ የሚወርዱት ለብቻቸው ነው። ካርዱን አድሶ “አሁንም አታወራም” የሚለኝ ሰው የድምፁን ጥቅል የረሳ ነው። እሱም ከስሪቱ ጋር ገጥሞ “ሳውንድስ” ውስጥ ይግባ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ስክሪፕቱ አሁንም ካስቸገረ “ስክሪፕትስ” ውስጥ ግቡና መጨረሻቸው “ሉዋሲ” የሆኑትን ፋይሎች ሰርዙ። እነዚህ ሪሞቱ ራሱ የሚሠራቸው የተጠናቀሩ ቅጂዎች ናቸው፤ መልሶ ይሠራቸዋል። “ኤልአርኤስ ቪ2” የሚል አሮጌ ስክሪፕት ካለም አውጡት፤ ስሪት 3 ሞጁል በእሱ አይከፈትም። ሞዴሉ ላይ ለውስጥ ሞጁሉ የተመረጠው ዓይነት “ሲአርኤስኤፍ” መሆኑንም እዩ። ሌላ ከተመረጠ ካርዱ ንጹሕ ቢሆንም “ሎዲንግ” ላይ ይቀራል።

ስለ ካርዱ ራሱ አንድ ነገር። ከ32 ጊጋባይት የማይበልጥ፣ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ይሁን። ሪሞት ትልቅ ካርድ አያስፈልገውም። መንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጠው “128 ጊጋ” የተጻፈበት ካርድ ውስጡ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ሲገለብጡበት የተቀበለ ይመስላል፣ ሲነበብ ፋይሉ ባዶ ይሆናል። እንዲህ ያለ ካርድ እየሸጡ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ፈርምዌር ሲጭን እንዲያድር ማድረግ ያናድደኛል። ኤችቱቴስትደብሊው በሚባለው የካርድ መፈተሻ ፕሮግራም ፈትሹት፤ ከወደቀ ወደ መጣያ። ካርዱን ከኮምፒውተሩ ስታወጡም “ኢጀክት” በሉ። ነቅሎ መሮጥ የሞዴል ፋይል ግማሹን ቆርጦ ያስቀራል።

ሪሞቱ ደህና ነው፣ ሪሲቨሩ ግን አይገናኝም

ኤክስፕረስኤልአርኤስ ላይ ስሪት 2 እና ስሪት 3 አይነጋገሩም። የሪሞቱን ሞጁል ወደ 3 አሳድጋችሁ ሪሲቨሩን (አውሮፕላኑ ላይ ያለውን ተቀባይ) 2 ላይ ከተዋችሁት ምንም ብታደርጉ አይያያዝም። አውሮፕላኑን ባትሪ ሰኩና ሪሞቱን ሳታበሩ 60 ሰከንድ ጠብቁ። የሪሲቨሩ መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ማለት ሲጀምር ዋይፋይ ከፍቷል ማለት ነው። የይለፍ ቃሉ “ኤክስፕረስኤልአርኤስ” ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሁሉም በትንንሹ። በብራውዘር 10.0.0.1 ብላችሁ ግቡ፣ የሪሲቨሩን ትክክለኛ ፋይል ስጡት። ፋይሉ ተጭኖ እስኪያልቅ ባትሪውን አትንቀሉ።

መብራቱ ሦስቴ ብልጭ ብሎ እረፍት የሚያደርግ ከሆነ ግንኙነቱ አለ፤ የሞዴል ማች ቁጥሩ (ሪሲቨሩን ከአንድ ሞዴል ጋር ብቻ የሚያያይዘው) ነው ያልገጠመው። ስክሪፕቱ ውስጥ ገብታችሁ አስተካክሉት።

የፍርስካይ ኩባንያ ዕቃ ያላችሁ፦ ኤሲሲኤስቲ በሚባለው የፍርስካይ የሬዲዮ ሥርዓት ስሪት 1 ሪሲቨር ከስሪት 2 ሪሞት ጋር አይገናኝም። ሪሞቱን ዘመድ ከጀርመን፣ ሪሲቨሩን ሌላው ከአሜሪካ ካመጣላችሁ ደግሞ አንዱ የአውሮፓው የሬዲዮ ደንብ ዓይነት (ኤልቢቲ)፣ ሌላው የአሜሪካው (ኤፍሲሲ) ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ወደ አንድ ዓይነት አምጧቸው።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ስቲኩ መሃል ላይ ሆኖ ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ ካሊብሬሽን አድርጉ፤ የስቲኩን መሃልና ጫፍ ሪሞቱ እንደገና ይለካል።

ሲበራ “ኢመርጀንሲ ሞድ” ካለ አትብረሩ፤ ሪሞቱ ሥራ ላይ እያለ ራሱን እንደገና አስነስቷል ማለት ነው።

ቡትሎደሩ (ሪሞቱን የሚያስነሳውና ፈርምዌር የሚጭነው ትንሽ ፕሮግራም) ፋይሉን አልቀበልም ካለ ፋይሉ የዚያ ሪሞት አይደለም ወይም ሲወርድ ተቆርጧል።

ከመብረር በፊት

አንቴና ያልታሰረበትን ሞጁል ለሙከራ ብላችሁም ቢሆን አታብሩ። ማጉያው በደቂቃዎች ሊቃጠል ይችላል፤ ያ ደግሞ በአፕዴት አይመለስም።

ፕሮፔለሩ ተፈትቶ እያለ እያንዳንዱን ሞዴል ክፈቱና ክንፍና ጭራው ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ መንቀሳቀሱን እዩ። የቻናል ቅደም ተከተሉ ተለውጦ ከሆነ ጋዙ ኤለሮን (የክንፉ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ላይ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ ጋዙን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሪሞቱን አጥፉት። ሞተሩ መቆም አለበት። ካልቆመ ፌልሴፉን (ግንኙነት ሲቋረጥ ሪሲቨሩ የሚያደርገውን) ሪሲቨሩ ላይ እንደገና አስተካክሉና መልሳችሁ አጥፍታችሁ ሞክሩት፤ ሞተሩ እስኪቆም ድረስ ፕሮፔለሩን አትግጠሙት።