የሀገራችንን የክርስትና ቅርስና የእምነት ነጻነትን ለልጆች አጣምሮ ማስተማር

ብዙ ወላጆችና መምህራን እነዚህን ሁለት ጉዳዮች ለየብቻ ያስተምራሉ፤ የክርስትናውን ታሪክ በበዓልና በጉብኝት ጊዜ፣ የእምነት ነጻነትን ደግሞ በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ። እንዲህ ሲለያዩ ልጁ ቅርሱን መኩሪያ ብቻ፣ ነጻነቱን ለፈተና የሚሸመደድ አንቀጽ አድርጎ ይይዛቸዋል። የኢትዮጵያ ታሪክ ግን ሁለቱን ከሥሩ ጀምሮ አጣምሮ የያዘ በመሆኑ፣ በታሪኩ ቅደም ተከተል መሄድ ብቻውን አብዛኛውን ሥራ ያቃልላል።

ለትንንሽ ልጆች በሚታይ ነገር ይጀምሩ። ለዚህ ከአክሱም ሳንቲሞች የተሻለ ማስተማሪያ የለም ማለት ይቻላል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ዒዛና በቀድሞ ሳንቲሞቹ ላይ የጨረቃና የክብ ምልክት ነበረው፤ በኋለኞቹ ግን መስቀል ተተካ። የሁለቱን ሥዕል ጎን ለጎን አስቀምጠው ልዩነቱን ልጁ ራሱ እንዲያገኘው ይተዉት፤ ከዚያ በኋላ «ንጉሡ እምነቱን ሲለውጥ ሕዝቡም በዚያው ቀን የለወጠ ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ አይደለም ነው፤ ክርስትና ወደ ገጠሩ የዘለቀው ቀስ በቀስ ሲሆን፣ በዚህም በኋላ የመጡት ዘጠኙ ቅዱሳን ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው ይተረካል።

ቀጥሎ የሚመጣው የፍሬምናጦስ ታሪክ ነው፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ከጢሮስ የተነሣው ወጣት የተሳፈረበት መርከብ ተጠቅቶ፣ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር ተርፎ በአክሱም ቤተ መንግሥት ማደጉን፣ በኋላም በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአትናቴዎስ ጳጳስ ሆኖ መሾሙንና አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን መባሉን አብዛኞቻችን እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን መካከሉ ነው፤ ፍሬምናጦስ ከሹመቱ በፊት በሀገሩ የሚነግዱ ክርስቲያኖችን እየፈለገ የጸሎት ቦታ እንዲኖራቸው ይረዳ ነበር። እንግዲህ የክርስትና ቅርሳችን መነሻ፣ የሌላ እምነት ተከታዮች በሚበዙበት ሀገር ጥቂት መጻተኞች እንደ እምነታቸው እንዲጸልዩ መፈቀዱ ነው። ልጁ ይህን አንድ ነገር ከያዘ፣ የእምነት ነጻነት ከውጭ የመጣ እንግዳ ሐሳብ ነው ብሎ አያስብም።

ከዚህ ቀጥሎ የ615 ዓመተ ምሕረቱን (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ስደት መተረክ ይቀላል። በእስልምና ትውፊት እንደሚነገረው፣ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ አሳዳጆቻቸው ሸሽተው ወደ ሐበሻ ሲመጡ ክርስቲያኑ ንጉሥ ተቀበላቸው፤ የመካ ገዢ ነገድ የሆኑት ቁረይሾች ተላልፈው እንዲሰጧቸው መልእክተኞችን ቢልኩም፣ ከስደተኞቹ አንዱ የሆነው ጃዕፈር ስለ ማርያም የሚናገረውን የቁርኣን ክፍል ሲያነብለት ሰምቶ አሳልፌ አልሰጥም አለ። በትግራይ የምትገኘው ነጃሺ የዚህ መታሰቢያ ናት። ይህን ታሪክ ሲነግሩ ንጉሡን ብቻ እንዳያሞግሡ ይጠንቀቁ። ስደተኞቹም እምነታቸውን በሰው አደባባይ ያለ ፍርሃት የተናገሩ ሰዎች ናቸው፤ ሙስሊም ልጅ በክፍሉ ውስጥ ካለ ደግሞ ታሪኩ የእርሱም መሆኑን ከሌሎቹ በፊት ያውቀዋል።

ልጆቹ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሞላቸው፣ ይህ መልካም ጅምር የተጣሰባቸውን ዘመናት መስማት አለባቸው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ አሕመድ) ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ብዙ ክርስቲያኖችም እንዲሰልሙ ተገድደዋል። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊካዊነትን በአዋጅ ሲጭኑ ሀገሩ በደም ታጠበ፤ በ1624 ዓ.ም. የኦርቶዶክሱን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ መሰደድ የካቶሊኮቹ ተራ ሆነ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ቀጥሎ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አስገደዱ። ቤተ እስራኤላውያንም ባለመጠመቃቸው ርስት ተነፍገው ለረጅም ዘመን ኖረዋል። የእኛ ወገን የተበደለበትን ብቻ መርጦ መንገር ቀላል ነው፤ ልጁ ግን የቀረውን ከሌላ ሰው አፍ፣ ምናልባትም በቁጣ ሲነገር፣ መስማቱ አይቀርም። ስለዚህ እያንዳንዱን ሲተርኩ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁ፦ በዚያ ዘመን ሌላውን ወገን ሆነህ ብትወለድ ምን ይደርስብህ ነበር?

ሕጉን ማስገባት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ልጁ ሕጉ ምን ለመከልከል እንደተጻፈ አሁን ያውቃል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ የሀገሪቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞችና አብረዋቸው የቆሙ ክርስቲያኖች እኩልነት እንዲከበር በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጡ። በደርግ ዘመን ደግሞ በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ ማንም በእምነቱ እንደማይገደድ ይደነግጋል። ልጆች «ታዲያ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለምን አብረን አንጸልይም?» ሲሉ መልሱ አንቀጽ 90 ላይ ነው፤ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ መሆን እንዳለበት ይናገራልና።

ወደ ቅርሶቹ ጉብኝት ሲሄዱ በእምነት የሚነገረውንና በታሪክ ጥናት የሚታወቀውን ለይተው ይናገሩ፤ አንዱን በሌላው ግን አያጣጥሉ። ላሊበላ ላይ፣ ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው መሠራታቸውን ማንም በዓይኑ የሚያየው ነው፤ በሥራው መላእክት መርዳታቸው የምእመናን እምነት ነው። «ቤተ ክርስቲያኒቱ እንዲህ ታስተምራለች» የሚል አገላለጽ አማኙንም የማያምነውንም ልጅ አያስቀይምም። ወደ ደብረ ዳሞ የሚሄዱ ከሆነ፣ ወደ ገዳሙ በገመድ ተስቦ መውጣት ለወንዶች ብቻ የተፈቀደ መሆኑን ለሴት ልጅዎ አስቀድመው ይንገሯት፤ ከተራራው ሥር ስትደርስ መስማቷ ተገቢ አይደለም።

በመጨረሻ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ከራስዎ ቤት ይመጣል፦ «እኔስ ሌላ እምነት መምረጥ እችላለሁ?» አንቀጽ 27 ወላጆች በእምነታቸው መሠረት ልጆቻቸውን የማሳደግ መብት ይሰጣል፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 14 የልጁን የሃይማኖት ነጻነት ያከብራል፤ ወላጆችም ልጁን ሲመሩ ከዕድገቱ ጋር በሚሄድ መንገድ እንዲሆን ይጠይቃል። ሁለቱንም ይንገሩት፤ እርስዎ የሚያምኑትን ለምን እንደሚያምኑ ያስረዱት፣ እስኪያድግም በቤቱ ሥርዓት ውስጥ እንደሚቆይ፣ ካደገ በኋላ ግን ውሳኔው የእርሱ እንደሚሆን በግልጽ ይንገሩት።