ጀጎል (በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ) ውስጥ ላለ የእንግዳ ማረፊያ የሚታመን ድረ ገጽ መሥራት

ከአዲስ አበባም ይሁን ከባሕር ማዶ ወደ ሐረር ለመምጣት ያሰበ ሰው ቀብድ ከመላኩ በፊት ስለ ቤታችሁ የሚያውቀው ስልኩ ላይ ያገኘውን ብቻ ነው። ስማችሁን ካርታ ላይ ይፈልጋል፤ ፎቶው ሌላ ቦታ መኖር አለመኖሩን ያያል፤ ይደውላል፤ ስለ ከተማዋ የጻፋችሁትን ሌላ ቦታ ካነበበው ጋር ያስተያያል። ድረ ገጽ ስትሠሩም መለኪያው ይኸው ነው፦ የተጻፈውን እንግዳው በራሱ ማረጋገጥ ይችላል ወይ? ካልቻለ ማረጋገጫውን ጨምሩ፤ የሚጨመር ከሌለ ዓረፍተ ነገሩን አውጡት። «በሐረር አንደኛው ማረፊያ» የሚለው መጀመሪያ ይውጣ።

ስሙ በማን ተመዘገበ?

ጣጣው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዶሜይኑ፣ ማለትም ከድረ ገጹ የኢንተርኔት ስም ነው። ድረ ገጹን የሚሠራላችሁ ባለሙያ ለፍጥነት ብሎ በራሱ ኢሜይል ያስመዘግበዋል፤ ከዓመት በኋላ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ስትጣሉ ስሙም አብሮት ይሄዳል። ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙ፦ መዝጋቢው ድርጅት ዘንድ ያለው አካውንት በባለቤቱ ስምና ኢሜይል ይከፈት፣ ፓስወርዱ ባለቤቱ እጅ ይሁን፣ ባለሙያው የራሱ መግቢያ ይሰጠው። የዓለምን የዶሜይን ስሞች የሚያስተባብረው ኢካን በነጻ የሚያቀርበው የዶሜይን መፈለጊያ መዝጋቢው ማን እንደሆነና ስሙ መቼ እንደሚያበቃ ያሳያል። የባለቤቱ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለሚሸፈን እርግጠኛው መንገድ ራሳችሁ አካውንቱ ውስጥ ገብታችሁ ማየት ነው።

ዕድሳት ያመለጠው «ዶት ኮም» ወዲያው አይጠፋም። መዝጋቢው እንደየደንቡ የእፎይታ ጊዜ ይሰጣል፤ ቀጥሎ ጠቀም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከፍለው የሚያስመልሱበት 30 ቀን አለ፤ ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ይሰረዛል፣ የቀደመ ይገዛዋል። የተሰረዘ ስም ለቁማር ማስታወቂያ የሚገዙ አሉ፤ የናንተን ቢዝነስ ካርድ የያዘ እንግዳ እዚያ ያርፋል። በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቀውን የሀገር ውስጥ ስም የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሌለው ሰው ይቀላል።

የመረጣችሁት አጻጻፍ በንግድ ፈቃዱ፣ በበሩ ታፔላ፣ በካርታውና በድረ ገጹ አንድ ይሁን። የሐረሪ ቃል በላቲን ፊደል በሦስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ አንዱን ይዛችሁ ጽኑ።

ሰርቨር፣ ቁልፍና ኢሜይል

አምስት ገጽ ላለው የማረፊያ ድረ ገጽ ርካሹ የጋራ ሆስቲንግ (ከሌሎች ጋር የሚጋሩት የሰርቨር ኪራይ) ይበቃል። ወርድፕሬስ የሚባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ የሚያድሰው ሰው መኖር አለበት፤ ካልተገኘ ዳታቤዝ የሌላቸው ተራ ገጾች ይሻላሉ፣ የሚሰበር ነገር የላቸውምና። ከቴሌግራም በነጻ የተገኘ «የተከፈተ» ፕሪሚየም ቴም (የሚሸጥ የድረ ገጽ ንድፍ) አትጫኑ፤ በዚያ ቫይረስ ይገባል። የድረ ገጹን ቅጂ በሳምንት አንድ ጊዜ ከሆስቲንጉ ውጭ አስቀምጡ። እዚያው ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ባክአፕ ሰርቨሩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

በእንግዳውና በድረ ገጹ መካከል የሚተላለፈውን የሚቆልፈው የኤስኤስኤል ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባለው ድርጅት በነጻ ይገኛል፤ ብዙ ሆስቲንጎች በአንድ ቁልፍ ያበሩታል። ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ስለሆነ በራሱ እየታደሰ መሄድ አለበት። ዕድሳቱ የሚቆመው በአብዛኛው ድረ ገጹ ወደ ሌላ ሰርቨር ተዛውሮ የዶሜይኑ መዝገብ ገና አሮጌውን ሲያመለክት ነው። ያን ጊዜ ብሮውዘሩ «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» ብሎ እንግዳውን ከደጅ ይመልሰዋል።

ኢሜይሉ በራሳችሁ ዶሜይን ይሁን፤ ሆኖም አድራሻውን መክፈት ብቻ አይበቃም። ኤስፒኤፍ እና ዲኪም የሚባሉት ሁለት መዝገቦች ዶሜይኑ ላይ ካልገቡ ተቀባዩ ሰርቨር ደብዳቤው በእርግጥ ከናንተ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ለእንግዳው የጻፋችሁት መልስ ስፓም ውስጥ ይወድቃል፣ እንግዳውም «አልመለሱልኝም» ብሎ ሌላ ቤት ይይዛል። ለመፈተን ወደ አንድ የጂሜይል አድራሻ ላኩና በኮምፒውተር ከፍታችሁ ከሦስቱ ነጥቦች ሥር «ሾው ኦሪጅናል» የሚለውን ምረጡ። ኤስፒኤፍና ዲኪም አጠገብ «ፓስ» መባል አለበት።

አድራሻ፣ ሰዓትና ዓመተ ምሕረት

ጀጎል ውስጥ መንገድና የቤት ቁጥር ሰጥቶ እንግዳ ማስገባት አይቻልም። የሚሠራው ከበር መነሳት ነው፦ በየትኛው በር ይገባል፣ ከዚያ ወይም ከፈረስ መጋላ አደባባይ በእግር ስንት ደቂቃ ነው፣ መኪና የት ይቆማል፣ ሻንጣ ማን ይቀበላል። በሮቹ ከአንድ በላይ ስም አላቸው፤ ሸዋ በር የሚለውን ብቻ ጽፋችሁ አስማዲን በሪን ከተዋችሁ መንገድ የሚጠይቀው እንግዳ ግማሹን መልስ አይረዳውም። ሁለቱንም ጻፉ።

የካርታውን ምልክት ቢሮ ተቀምጣችሁ አትትከሉ። በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ትንሽ ስሕተት እንግዳውን ግንብ ማዶ ያደርሰዋል። በሩ ላይ ቆማችሁ፣ ስልኩ አቀማመጡን እስኪያረጋጋ ጠብቃችሁ ያዙት። ጉግል ባለቤትነታችሁን ለማረጋገጥ ቪዲዮ ሊጠይቅ ይችላል፤ አካባቢውን፣ ታፔላውንና በሩን በቁልፍ ስትከፍቱ በአንድ ሳይቋረጥ በተቀረጸ ቪዲዮ አሳዩ። ማንም ሊያርመው በሚችለው ኦፕንስትሪትማፕ የሚባል ካርታ ላይም ጨምሩ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ብዙ የካርታ መተግበሪያዎች የሚቀዱት ከዚያ ነው።

ድሬዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በአውሮፕላንም በባቡርም የሚመጣው እዚያ ይወርዳል። «ባቡር ጣቢያ እንቀበላለን» ስትሉ የቱን? ከዚራ ያለው አሮጌው ጣቢያ ነው ብሎ የሚያስብ አለ፤ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ግን ከከተማው ውጭ ባለው በአዲሱ ጣቢያ ነው የሚቆመው። ለይታችሁ ጻፉ።

ሰዓት ሌላው ወጥመድ ነው። በአማርኛው ገጽ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ያለው በእንግሊዝኛው ገጽ 8 ሰዓት መሆን አለበት። የትርጉም መተግበሪያ ብዙ ጊዜ ይህን አያውቅም፤ ቁጥሩን እንዳለ ያሳልፈዋል። ዓመተ ምሕረትም እንደዚሁ። ሐረር ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ2006፣ ማለትም በ1998 ዓ.ም. ነው፤ «በ2006 ዓ.ም.» ብሎ የሚጽፍ ድረ ገጽ በስምንት ዓመት ተሳስቷል። አንድ እንግዳ ይህን ካየ የክፍሉን ዋጋም ይጠራጠራል።

ስለ ከተማዋ የምትጽፉትን ከየት ታገኛላችሁ?

ከሌላ አስጎብኚ ድረ ገጽ አትቅዱ፤ እሱም ከሌላ ቀድቷል። መነሻው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ማዕከል ስለ ሐረር ጀጎል ያለው ገጽ ይሁን። አጭር መግለጫው ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያሉት ሰነዶች፣ በተለይ የባለሙያዎች ግምገማና ካርታው፣ ይጠቅማሉ። 82 መስጊድና 102 የአውሊያ ስፍራ የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚያ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ደግሞ ስለ ጀጎል ቤቶች አሠራር፣ ስለ ገበያውና ስለ ቱሪዝሙ በነጻ የሚወርዱ ጥናቶች አሉት። ዊኪፔዲያን ለግርጌ ማስታወሻዎቹ ክፈቱት፤ ማስታወሻው የሚጠቁመውን ራሱን አንብቡ። የጠፋ ገጽ ከሆነ ኢንተርኔት አርካይቭ አሮጌ ቅጂውን ይዞት ይሆናል።

ስትፈልጉ ሐረግን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡ፤ የፒዲኤፍ ፋይል ብቻ እንዲመጣ ማዘዝም ማስታወቂያውን ይቀንሳል። በአማርኛ ስትፈልጉ ፊደሉን እየለዋወጣችሁ ሞክሩ፦ ሐረርና ሀረር፣ ድሬዳዋና ድሬ ዳዋ፣ ጀጎልና ጁጎል። መፈለጊያው ሁሌም አንድ መሆናቸውን አያውቅም። በራሳችሁ ገጽም ዋናውን አጻጻፍ ርዕሱ ላይ፣ ሌላውን ጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ አስገቡ። አሥር ጊዜ መደርደር ግን አይጠቅምም።

ምንጮች ሲጋጩ ምክንያቱን ፈልጉ። አንዱ አምስት በር፣ ሌላው ስድስት ይላል፤ ሁለቱም ልክ ነው፣ ጥንታዊዎቹ አምስት ሲሆኑ ሐረር በር በኋላ የተጨመረ ነው። ግንቡ በልማድ ለ16ኛው ክፍለ ዘመን ኤሚር ኑር ይሰጣል፤ ዩኔስኮ ግን ከ13ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ይላል። ሁለቱንም ከነባለቤቱ ጥቀሱ። በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም የራምቦ ቤት ከተባለው ጋር «ገጣሚው የኖረበት» ብላችሁ አትጻፉ። ራምቦ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው፤ ሕንጻው ከእሱ ዘመን በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። «በስሙ የሚጠራ ሙዚየም» ብትሉ ማንም አይከራከራችሁም።

ፎቶና ፊደል

ከስልክ የወጣ ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ስፋቱን ወደ 1600 ፒክስል አውርዳችሁ ዌብፒ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት አስቀምጡት፤ ከ200 ኪሎባይት በታች ይሁን። ስኩሽ የሚባለው መሣሪያ ይህን ብሮውዘር ውስጥ በነጻ ይሠራል። ነደባውን (የሐረሪ ቤት መቀመጫ መደብ) እና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት ሁሉም ያነሣል፤ እንግዳ የሚጠይቀው ግን ስለ መታጠቢያ ቤቱ፣ ስለ ውኃ ታንከሩና ስለ ደረጃው ነው። እነሱን አሳዩ። ሌላ ሰው ያነሣውን ፎቶ ያለ ፈቃድ ከኢንተርኔት መውሰድ በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ያስጠይቃል፤ እንግዳውም በምስል ፍለጋ በአንድ ደቂቃ ይደርስበታል። ከዊኪሚዲያ ኮመንስ ስትወስዱ የፎቶ አንሺውን ስምና የፈቃዱን ዓይነት ከሥሩ ጻፉ። የፓስፖርት ፎቶ በድረ ገጹ ፎርም አትቀበሉ፤ ሲደርስ በአካል እዩት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 የሰበሰባችሁትን የመጠበቅ ኃላፊነት እናንተው ላይ ይጥላል።

የአማርኛው ጽሑፍ በዩኒኮድ (በየትኛውም መሣሪያ በሚነበበው የፊደል ሥርዓት) ይሁን፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶች በነጻ ይገኛሉ። በድሮ ፎንት የተተየበ ብሮሹር ተቀድቶ ሲለጠፍ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ እንደገና ከመተየብ ወይም በመቀየሪያ ከማሳለፍ ውጭ መድኃኒት የለውም። የዋጋ ዝርዝሩንም በምስል አትስቀሉ፤ መፈለጊያው አያነበውም፣ ዓይነ ስውር አንባቢም በስልኩ አይሰማውም።

ዋጋው አጠገብ መጨረሻ የታየበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። የሐረሪዎች በዓል ስለሆነው ሹዋልኢድ ገጽ ካላችሁ በየዓመቱ ይታይ፦ በዓሉ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ቀኑን የሚጠይቅ በዝቷል፣ ቀኑ ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ይቀድማል። ያለፈውን ዓመት ቀን ይዞ የቀረ ገጽ እንግዳውን በዓሉ ካለቀ በኋላ ያመጣዋል።