ከሰል ቤት ውስጥ ለምታነዱ ሰዎች፣ በተለይ በክረምት

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብርዱ ሲበረታ፣ መብራትም ሲጠፋ፣ ብዙ ሰው ቡናውን ጠጥቶ ሲጨርስ ምድጃው ላይ የቀረውን ፍም እንዳይባክን ብሎ ወደ መኝታ ክፍል ያስገባዋል፣ በር መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። "ቤተሰቡ በከሰል ጭስ ታፍኖ አደረ" የሚለው ክፉ ወሬ የሚመጣው ከእንደዚህ አይነት ሌሊት ነው። ስለዚህ ከታች የምጽፈውን ሁሉ ብትረሱት እንኳን ይቺን አንዷን ያዙልኝ፣ ከሰል ባለበት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ የለም፣ ለአምስት ደቂቃ ጋደም ልበል ማለትም የለም።

ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው። ደጅ ያቀጣጥለዋል፣ ጭሱ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ፍሙ ቀይ ሲሆን "አሁን ጠርቷል" ብሎ ያስገባዋል። ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይታይም አይሸትም አይንም አያቃጥልም፣ በደንብ የቀላውም ፍም አመድ የለበሰውም ፍም ያወጣዋል። ኦክስጅንን በደማችን የሚያዞረው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ሰውየው እየተነፈሰ ሰውነቱ አየር ያጣል። የተኛ ሰው ደግሞ አፍኖኛል ብሎ አይነቃም፣ ጭራሽ እንቅልፉን ያከብደዋል።

ብዙ ጊዜ የምሰማቸው መፍትሄ ተብዬዎች አሉ። አንዳንዱ ምድጃው አጠገብ ውሃ በሳህን ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ ጨው ይበትንበታል፣ አንዳንዱ ደግሞ እኛ አልጋ ላይ ነን እሱ መሬት ላይ ነው ይላል። አንዱም አይሰራም። ጋዙ ውሃ ውስጥ ገብቶ አይቀርም፣ ክብደቱም ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ክፍሉን በሙሉ ይሞላዋል እንጂ ወለል ላይ አይተኛም። እሳቱን አመድ ውስጥ አዳፍኖ ማሳደርም እንደዚያው ነው፣ አየር ያጠረው ፍም እንዲያውም የበለጠ ያወጣል። የላቀች ምድጃን የታችኛውን በር ዘጋ አድርጎ ከሰል መቆጠብ ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን ይሄ የሚሰራው ምድጃው ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ሲሆን ነው።

እና እንዴት እንጠቀም? ማቀጣጠሉ ሁልጊዜ ውጪ ይሁን። ጭራሮ ወይ ወረቀት ይበቃል። ፌስታልና የጎማ ቁራጭ ቶሎ ይይዛል ብላችሁ አታስገቡ፣ የሚያወጣው ጭስ ለሳንባ መርዝ ነው፣ ከላዩ ልትጠብሱበትም ነው። ላምባ የምትጠቀሙ ከሆነ እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ትንሽ ብቻ ጠብ አድርጉና ጠርሙሱን አርቁት፣ አንዴ ከተያያዘ በኋላ ደከመ ብሎ ላምባ መጨመር ነበልባሉን ወደ እጅና ወደ ፊት ያመጣዋል፣ ቤንዚን ደግሞ በፍጹም አይነካም። በክረምት ከሰሉ እርጥበት ስለሚይዝ ሲነድ ይፈነዳል ፍንጣሪውም ሩቅ ይሄዳል፣ ማዳበሪያውን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። እሳት ላይ ጎንበስ ስትሉ ነጠላውን አስሩት፣ ስታራግቡ ጫፉ ወደ ምድጃው የሚወርደው ሳይታወቅ ነው፣ ስስ ጥጥ ደግሞ አንዴ ከያዘ ጊዜ አይሰጥም።

ቡና ለማፍላት ወይም ወጥ ለመስራት የግድ ወደ ቤት የሚገባ ከሆነ በሩም ከበሩ ትይዩ ያለው መስኮትም ወለል ብለው ይከፈቱ፣ አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት አለበት። መስኮት ገርበብ ማድረግ አይበቃም። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ በረንዳ ላይ ስታነዱ ከበረንዳው ወደ ሳሎን የሚያስገባውን በር ዝጉት፣ አለዚያ ነፋሱ መልሶ ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ምድጃው ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ ይቀመጥ፣ ምንጣፍና የላስቲክ ወለል ላይ አይሆንም፣ ከመጋረጃና ከፍራሽ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። የጭቃ ቤት ሆኖ ኮርኒሱ ጨርቅ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ከሆነ ቀና ብላችሁ እዩት፣ የተንጠለጠለ ቁራጭ ካለ እሳት ከመግባቱ በፊት ይነሳ። ህፃናት ባሉበት ምድጃውን ጥግ አስይዙት፣ ረከቦቱና ጀበናውም ከእጃቸው ይራቅ። ልጅ ከተቃጠለ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ስር ለ20 ደቂቃ ያዙት፣ የጥርስ ሳሙና ዱቄት እንቁላል ቅቤ አትቀቡት፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አራስ ቤት ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ ምክንያቱም በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አራሷን ነፋስ እንዳይመታት ተብሎ መስኮት ይዘጋል፣ የበሩ ስንጥቅ ሳይቀር በጨርቅ ይወተፋል፣ መጋረጃ ይደረባል፣ ከዚያ ክፍሉ እንዲሞቅ ከሰል ይገባል። ሁሉም የሚደረገው በፍቅር ነው፣ እናቶቻችን የወረሱት ነው፣ ግን ያ ክፍል በቤቱ ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁሉ አደገኛው ይሆናል፣ ጨቅላ ህፃንና ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ከሌላው ሰው ቀድመው ነው የሚጎዱት። ነፍሰ ጡርም ያው ናት፣ እሷ ደህና ነኝ እያለች ፅንሱ ሊጎዳ ይችላል። ገንፎውና አጥሚቱ ውጪ ይሰራና ትኩሱን ይግባ። ህፃኑን ለማሞቅ ኮፍያና ካልሲ አድርጋችሁለት ልብሱን አውልቃችሁ እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አስተኙት፣ ከላይ ብርድ ልብስ ደርቡ፣ አፍንጫው ግን አይሸፈን። ለእናቲቱ እግር የፍል ውሃ ላስቲክ በፎጣ ጠቅልላችሁ ብታደርጉላት ከከሰሉ በተሻለ ትሞቃለች። አያት ወይም አክስት "ብርድ ይመታታል" ብለው ቢቆጡ በአክብሮት አስረዷቸው እንጂ ለይሉኝታ ብላችሁ ዝም አትበሉ።

ምልክቱን እወቁት። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት፣ ግራ መጋባት። እንደ ጉንፋን ይመስላል፣ ትኩሳት ግን የለውም። ቡና ላይ የተቀመጡት ሁለት ሶስት ሰዎች አንድ ላይ ራሴን ራሴን ካሉ፣ ወይም ደጅ ስትወጡ ለቀቅ አድርጓችሁ ስትመለሱ እንደገና ከያዛችሁ፣ እጣኑ ነው ቡናው ከብዶን ነው አትበሉ፣ ሁላችሁም ተነስታችሁ ውጡ።

ራሱን የሳተ ሰው ካገኛችሁ በሩን በርግዳችሁ ክፈቱ፣ ሰውየውን ጎትታችሁ ደጅ አውጡት፣ ምድጃው ከዚያ በኋላ ይወጣል። ራሳችሁ እዚያ ውስጥ አትቆዩ፣ ሊያድን ገብቶ የሚወድቅ አለ። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ወተትም ሎሚም ውሃም አትጨምሩ፣ ትን ይለዋል፣ መርዙንም አያወጣውም። አዲስ አበባ ውስጥ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ፣ ከቆየ ደግሞ ባገኛችሁት መኪና ውሰዱት። ሆስፒታል ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት "ከሰል ቤት ውስጥ ነበር" የሚለውን ይሁን፣ ምክንያቱም ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ስለማይለየው ቁጥሩ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ነቅቷል ብላችሁም ቤት አታስቀሩት። በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፣ በንጹህ ኦክስጅን ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ መርሳት፣ የጠባይ መለወጥ ወይም አካሄድ መዛባት ከመጣ መልሳችሁ ሐኪም ጋር ውሰዱት።

ማታ አመዱን ቀዝቅዟል ብላችሁ ፌስታል ወይ ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ እንዳትደፉት፣ ውስጡ የተሸፈነ ፍም እስከ ነገ ድረስ ሊቆይ ይችላል። ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ጨምራችሁ ደጅ አሳድሩት፣ ውሃ ካፈሰሳችሁበትም ቆርቆሮው ውስጥ ይሁን፣ ትኩስ ላቀች ላይ ከሆነ ሸክላው ይሰነጠቃል።

ውጪ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ሲመጣ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ይዞ እንዲመጣ ጠይቁት፣ በባትሪ የሚሰራ ትንሽ እቃ ነው፣ መኝታ ክፍል ይቀመጣል። የጭስ አላርም ሌላ ነው፣ ይሄን ጋዝ አያውቀውም፣ ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚል መጻፉን ይይ፣ የአገልግሎት ዘመኑንም አብሮ ይመልከት። በየወሩ ቁልፉን ተጭናችሁ መጮሁን ሞክሩ። አላርም አለን ብላችሁ ግን ከሰሉን መኝታ ክፍል እንዳታስገቡት።