48 ሰዓት ሳይዘጋ፦ ከሰሜን ሸዋ ሆኖ በአማተር ራዲዮ ውድድር መሥራት

ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር ወይም ከመንዝ ሆኖ ወደ ዓለም አቀፍ የአማተር ራዲዮ ውድድር (በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር በአየር ላይ ብዙ ግንኙነት የማድረግ ፉክክር) የሚገባ ሰው ከሌላው ተወዳዳሪ የሚለይበት ትልቅ ዕድል አለው። በ«ኢ-ቲ» የሚጀምር የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት (የጣቢያ መለያ) በአየር ላይ እምብዛም አይሰማም፤ ስለዚህ ሁሉም ይፈልገዋል። 100 ዋት ራዲዮና በምሰሶ ላይ የተወጠረ ሽቦ ብቻ ያለው ጣቢያ እንኳ ጠሪ አያጣም። እዚህ አገር ነጥብ የሚያሳጣው ጣቢያው መሀል ላይ ዝም ማለቱ ነው፤ የዋት ማነስ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ባትሪ ያልቃል፣ ነፋስ ምሰሶ ይጥላል፣ ሰዓት ይሳሳትና መዝገቡ ይበላሻል። ዝግጅታችሁን ሁሉ ከዚህ አንጻር አስቡት።

መጀመሪያ ፈቃድ። የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የጥሪ ምልክቱ በእጅ ሳይገባ ማስተላለፍ አይታሰብም። የተፈቀዱላችሁን ባንዶች (የድግግሞሽ ክልሎች) እና ከፍተኛውን ዋት ከፈቃዱ ላይ አንብቡ። የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር አዲስ አበባ ውስጥ ኢ-ቲ-3-ኤ-ኤ የተባለ የክለብ ጣቢያ ስላለው ጀማሪ ጥያቄውን እዚያ ቢያቀርብ ይጠቅመዋል። ምሰሶ ከማቆማችሁ በፊት ደግሞ የፈቃዱን ኮፒ ይዛችሁ ለቀበሌውና ለአካባቢው ፖሊስ አሳውቁ። በተራራ አፋፍ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ራዲዮ ይዞ የሚያወራ ሰው ጥርጣሬ ቢያስነሳ አይገርምም።

የትኛው ውድድር? ሲኪው ወርልድ ዋይድ የሚባለውን እንውሰድ። የድምፁ በአውሮፓውያን ጥቅምት የመጨረሻ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ፣ የሞርሱ በኅዳር የመጨረሻ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ይካሄዳል። በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው በጥቅምት፣ ሁለተኛው በኅዳር አጋማሽ አካባቢ ይውላል። የምንጠቀምባቸው ባንዶች 160፣ 80፣ 40፣ 20፣ 15 እና 10 ሜትር ናቸው፤ 30፣ 17 እና 12 ሜትር ላይ ውድድር የለም። የምትለዋወጡት የድምፅ ጥራት ቁጥርና የዞን ቁጥር ነው፤ ዞን ማለት ዓለም ለውድድሩ የተከፋፈለችበት ባለ ቁጥር ክልል ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ውድድር ዞን 37 ስለሆነች ለሁሉም የምትሰጡት «59 37» ነው፤ በሞርስ «599 37»። በሐምሌ የሚደረገው የዓለም አቀፉ የአማተር ራዲዮ ኅብረት ውድድር ግን ሌላ የዞን ክፍፍል ይጠቀማል፤ እዚያ ቁጥራችን 48 ነው። ሁለቱን ማቀላቀል የጀማሪ ስሕተት ነውና ቁጥሩን በትልቁ ጽፋችሁ ከራዲዮው ፊት ለጥፉ።

ነጥቡ እንዲህ ነው፦ ሌላ አህጉር 3፣ አፍሪካ ውስጥ ሌላ አገር 1፣ ኢትዮጵያ ውስጥ 0። የነጥቡ ድምር በማባዣዎች ቁጥር ይባዛል። በእያንዳንዱ ባንድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘ አገር አንድ ማባዣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘ ዞንም አንድ ማባዣ ነው። 800 ግንኙነት በ3 ነጥብ 2,400 ይሆናል፤ በ150 ማባዣ ሲባዛ 360,000። በዚህ ላይ አንድ ተራ ግንኙነት 450 ነጥብ ሲጨምር አንድ አዲስ ማባዣ 2,400 ይጨምራል። ስለዚህ ኬንያ 1 ነጥብ ብቻ ናት ብላችሁ አትለፏት፤ በዚያ ባንድ ላይ ገና ካልያዛችኋት አገርም ዞንም ሆና ሁለት ማባዣ ልትሰጣችሁ ትችላለች። የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ ቅርብ ቢመስሉም እስያ ስለሆኑ ሙሉ 3 ነጥብ ያስገኛሉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሰዓቱ። ውድድሩ የሚመራው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው። ከዩቲሲ ወደ እኛ ሰዓት ለመምጣት 3 መቀነስ ይበቃል፦ 12 ዩቲሲ ቀን 9 ሰዓት ነው፣ 15 ዩቲሲ ምሽት 12 ሰዓት ነው፣ 18 ዩቲሲ ሌሊት 3 ሰዓት ነው። ውድድሩ ቅዳሜ 00፡00 ዩቲሲ ሲጀምር እዚህ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ የሚያበቃውም ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት 9 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ በልቶ የተነሣ ሰው ከውድድሩ 4 ወይም 5 ሰዓት ያህል አምልጦታል። ኮምፒውተሩን በዩቲሲና በፈረንጅ ቀን አስተካክሉት፤ አጠገቡ ሌላ ሰዓት አታስቀምጡ።

አንቴናው ላይ ጊዜ መስጠት ያዋጣል። ከደብረ ብርሃን አካባቢ መሀል አውሮፓ በኮምፓስ 335 ዲግሪ ገደማ፣ የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ 315 ገደማ፣ ጃፓን 53 ገደማ ላይ ናቸው። ዲፖል (ሁለት እኩል ክንድ ያለው የሽቦ አንቴና) በጎኑ ነው የሚያስተላልፈው፤ በጫፎቹ በኩል ደካማ ነው። አውሮፓንና አሜሪካን አንድ ላይ ለመያዝ የሽቦው ጫፎች ወደ ሰሜን ምሥራቅና ደቡብ ምዕራብ፣ በ55 እና በ235 ዲግሪ ይሁኑ። ያኔ ጃፓን በትክክል ጫፉ ላይ ትወድቃለች፤ የማይቀር ዋጋ ነው። ለ15 ሜትር ብቻ አንድ ተጨማሪ ዲፖል በመስቀለኛ ብትሰቅሉ ጠዋት ጠዋት እስያን ትመልሳላችሁ።

ርዝመቱን ለማውጣት 143ን በሜጋ ኸርዝ አካፍሉ፤ ሙሉው ርዝመት በሜትር ይወጣል። ለ7.1 ሜጋ ኸርዝ እያንዳንዱ ክንድ 10.07 ሜትር፣ ለ14.15 ደግሞ 5.05፣ ለ21.2 ደግሞ 3.37፣ ለ28.4 ደግሞ 2.52 ሜትር ነው። ባለ 2.5 ካሬ የኮረንቲ ሽቦ ይበቃል። በእያንዳንዱ ክንድ 15 ሳንቲ ሜትር ጨምራችሁ ቁረጡ፤ የላስቲክ ሽፋን ያለው ሽቦ ከስሌቱ አጠር ብሎ ስለሚስተካከል መጨረሻ ላይ ትቀንሳላችሁ እንጂ መቀጠል አይኖርባችሁም። ሲለካ ዝቅተኛው የኤስ-ደብልዩ-አር (አንቴናው ከራዲዮው ጋር ምን ያህል እንደተስማማ የሚያሳይ ቁጥር) ንባብ ከምትፈልጉት ድግግሞሽ በታች ከወጣ ሽቦው ረዝሟል። በ20 ሜትር ባንድ ላይ ከእያንዳንዱ ክንድ 1 ሳንቲ ሜትር ሲቆረጥ 28 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ወደ ላይ ይሄዳል፣ በ40 ሜትር 7 ኪሎ ኸርዝ ብቻ፣ በ10 ሜትር ግን ከ110 በላይ። 10 ሜትር ላይ በፒንሳ አትቸኩሉ።

የ40 ሜትር ዲፖል በ15 ሜትርም ጥሩ ንባብ ይሰጣል፤ ብዙዎች በዚያ ተታልለው ለ15 ሌላ ሽቦ አይሰቅሉም። ንባቡ ጥሩ ቢሆንም ጉልበቱ በዋናነት ወደ አራት አቅጣጫ ይበተናል፤ በጎን በኩል፣ አውሮፓና አሜሪካ ባሉበት፣ የሚቀረው ትንሹ ነው። ፀሐይ ብርቱ በሆነችበት ዘመን ከዚህ አገር ብዙ ግንኙነት የሚያስገኘው ባንድ 15 ሜትር ስለሆነ የራሱ ሽቦ ይገባዋል። ስለዚህ በአንድ ምሰሶ ላይ 40 እና 20፣ በሌላው ላይ 15 እና 10 አድርጉ፤ በአንድ ምሰሶ ያሉት ሁለቱ በአንድ ኬብል ይመገባሉ፣ ሽቦዎቹ ግን ቢያንስ በ20 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ።

ምሰሶ ለሰሜን ሸዋ ችግር አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ሞልቷል። ከመሬት በላይ 10 ሜትር የሚቀር ቀጥ ያለ ግንድ ምረጡ፣ 1 ሜትር ቅበሩት፣ ሥሩን በድንጋይ ጠቅጥቁ። በሦስት አቅጣጫ፣ በእኩል ርቀት፣ ከ7 ሜትር ከፍታ ላይ ገመድ ወጥሩ፤ ችካሉ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የ12 ሚሊ ፌሮ ይሁን፣ ከገመዱ በተቃራኒ ዘንበል ብሎ ይተከል። በአንኮበርና በጣርማ በር አፋፍ ላይ ነፋሱ ርኅራኄ የለውም። ሽቦውን ክር እስኪሆን አትወጥሩት፤ ጫፎቹ ላይ ትንሽ ልልነት ካልተዋችሁ ምሰሶው ሲወዛወዝ ይበጠሳል። ምሰሶው በየትኛውም በኩል ቢወድቅ የኮረንቲ መስመር እንዳይነካ ርቀቱን አስቀድማችሁ ለኩ።

መሬቱም ራሱ አንቴና ነው። ሽቦው የሚያይበት አቅጣጫ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ሞገዱ ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ ሩቅ ይደርሳል። ከጣርማ በር እስከ አንኮበር ያለው ገደል ወደ ምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ ስለሚወርድ ለእስያ ግሩም ነው። ለአውሮፓና ለአሜሪካ ግን የሚሻለው በእነዋሪ በኩል ወደ ጀማ ሸለቆ የሚያይ፣ ሰሜን ምዕራቡ የተከፈተ አፋፍ ነው። ምርጫ ካላችሁ ይህንን አስቀድሙ፤ ግንኙነቱ በብዛት የሚመጣው ከዚያ ነው።

ኬብሉ ላይ ሰው ሳያውቅ ዋት ይጥላል። 30 ሜትር ርዝመት ያለው አርጂ-58 የተባለ ቀጭን የአንቴና ኬብል በ10 ሜትር ባንድ ላይ ከ100 ዋት 60 ገደማውን ብቻ ነው ሽቦው ጋ የሚያደርሰው። በየሱቁ የሚሸጠው የዲሽ ኬብል 75 ኦም ቢሆንም ለዲፖል ይሠራል፣ ብክነቱም ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ውጫዊ መረቡ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ በሊድ አይበየድም። በሚጠብቅ ማያያዣ እሰሩት። ከዲፖሉ መሀል ሥር ኬብሉን በ11 ሳንቲ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ላይ 10 ዙር ጠምጥሙት፤ አለበለዚያ ሞገዱ በኬብሉ ውጭ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ያቃጥላል፣ ኮምፒውተሩም ይቆማል። መጋጠሚያውን በናስትሮ ጠቅልሉ፣ በላዩ ላስቲክ አልብሱ። በኅዳር ንጋት አመዳዩ ሲቀልጥ የሚገባው ውኃ ከዝናብ አይተናነስም።

ኮረንቲ ላይ አትመኩ። 100 ዋት ራዲዮ ሲያዳምጥ 1.5 አምፔር ገደማ፣ ሲያስተላልፍ እስከ 20 አምፔር ይወስዳል፤ በድምፅ ውድድር አማካዩን 4.5 ብትይዙ ለ48 ሰዓት ከ210 አምፔር ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። ተራ የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ይጎዳል፣ ስለዚህ አንድ ባለ 100 ባትሪ 11 ሰዓት ቢያቆያችሁ ነው። ሁለት ባትሪና ባለ 200 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ፣ ወይም መብራት ሲኖር የሚሞላ ቻርጀር አዘጋጁ። ባትሪው በብርድ አቅም ስለሚያጣ ከወለሉ ላይ አንሥታችሁ በጣውላ ላይ፣ አየር በሚገባበት ቤት ውስጥ አስቀምጡት። ከባትሪው ወደ ራዲዮው የሚሄደው ሽቦ 6 ካሬ፣ ከ2 ሜትር ያልበለጠ ይሁን፤ በሁለቱም መስመሮች ላይ ባለ 25 አምፔር ፊውዝ አስገቡ። ባለ 2.5 ካሬ ሽቦ በ5 ሜትር ርቀት 1.4 ቮልት ይበላል፤ ራዲዮው ከ11.7 በታች ሲወርድ ድምፃችሁ ይንቀጠቀጣል ወይም ራሱን ያጠፋል። ሰው ራዲዮው ተበላሸ ብሎ የሚያስበው ብዙ ጊዜ ይኼ ነው። ርካሽ የሶላር መቆጣጠሪያና ኤል-ኢ-ዲ አምፖል ባንዱን በጩኸት ይሞላሉ፤ አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ጥፋተኛውን ፈልጉ።

አንድ ነገር ቆላ ላይ የማይታይ፦ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ማራገቢያውም ያን ያህል አያቀዘቅዝም። ዲጂታል ሞገድ ላይ ያለማቋረጥ ስትልኩ ወደ 70 ዋት ዝቅ በሉ። የቱቦ ማጉያ ያለው ሰው ደግሞ በስስ አየር ከፍተኛ ቮልቴጅ ቶሎ እንደሚዘል ይወቅ፤ ውስጡን ከአቧራ ያጽዳ።

ባንዶቹን በሰዓት እንዲህ ተከተሉ። ሌሊት 9 ሰዓት ሲጀምር 40 ሜትር ላይ ሁኑ፤ አውሮፓ አለ፣ አሜሪካም ይሰማል። በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ 80ን ጎብኙ፤ ጥቂት ግንኙነት ቢሆንም ሁሉም ማባዣ ነው። ፀሐይ ስትወጣ 20 እና 15 ይከፈታሉ፣ ምሥራቁን ያዙ። ከረፋዱ 3 ሰዓት ጀምሮ 10 ሜትር ለአውሮፓ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አሜሪካ ላይ ይነጋል፤ እስከ ምሽት 1 ሰዓት 10 እና 15 ላይ የውድድሩ ትልቁ መከር ይሰበሰባል። ይህን ሰዓት ለምግብም ለእንቅልፍም አትስጡ። ማረፍ ካለባችሁ ከእኩለ ቀን በፊት አንድ ሰዓት ተኩል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ሦስት ሰዓት ተኙ። በሶና ቆሎ አጠገባችሁ ይኑር፣ ባና ወይም ጋቢ ይታሰብበት፤ በብርድ የሚንቀጠቀጥ እጅ ፊደል ያሳስታል።

ጥሪው ላይ ሁለት ነገር ብቻ ያዙ። ክፍት ድግግሞሽ ፈልጋችሁ «ባዶ ነው?» ብላችሁ ሁለት ጊዜ ጠይቁና ራሳችሁ ጥሩ፤ ሌላውን እያሳደዱ መዞር የኢ-ቲን ዕድል ማባከን ነው። ጠሪዎች ሲደራረቡ ከመሀል ሁለት ፊደል ከሰማችሁ በዚያው ያዙ፦ ሰውዬውን በሁለቱ ፊደላት ጥሩት፣ ሌላ ቢጮኽ እንኳ እሱን ሳትጨርሱ አትለፉ። ተራ የማታስጠብቁ መሆናችሁን ጠሪዎቹ ካዩ ሁሉም በአንድ ላይ መጮኽ ይጀምራል፣ ከዚያ ማንም አይሰማም። የጥሪ ምልክታችሁን ቢያንስ በየሦስት ግንኙነቱ አንዴ ተናገሩ። ቀድሞ ያገኛችሁት ሰው ደግሞ ቢጠራ አትከራከሩ፣ ቁጥሩን ስጡትና ቀጥሉ፤ ክርክሩ ከግንኙነቱ ይረዝማል።

የጥሪ ምልክት በእርግጠኝነት ካልሰማችሁ አስደግሙ። የተሳሳተ ምልክት ነጥቡ ከመሰረዙ በላይ ተጨማሪ ቅጣት አለው። ኤን-1-ኤም-ኤም የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የተደጋገመውን ያሳያል፣ ማባዣውን ይቆጥራል፣ መጨረሻ ላይም ለአዘጋጆቹ የሚላከውን፣ ካብሪሎ የሚባለውን ፋይል ያወጣል። በየጥቂት ሰዓቱ መዝገቡን ወደ ፍላሽ ገልብጡ። የምትወዳደሩበትን ምድብ ከመነሻው ወስኑ፦ ዝቅተኛ ኃይል እስከ 100 ዋት፣ በጣም ዝቅተኛው እስከ 5 ዋት ነው። ፋይሉ ውድድሩ ካበቃ በ5 ቀን ውስጥ መላክ አለበት። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ የምትኖሩ ሰኞ ጠዋት ላኩት፣ የመቀበያ መልእክቱ መምጣቱንም አረጋግጡ። ከዚያ ኬብሉን ከራዲዮው ንቀሉና ጫፉን ከቤት ውጭ አድርጉ፤ ሽቦው እስከ በልግ ዝናብ ተሰቅሎ ቢቆይ መብረቅ የሚፈልገው እሱን ነው።